ኪስ የፈተናት ናኖ፦ የአንዲት ሙዚቃ ማጫወቻና የባለቤቶቿ አስተያየት

የአፕል ኩባንያ የያኔው መሪ ስቲቭ ጆብስ መድረክ ላይ ቆሞ ወደ ጂንስ ሱሪው ጠቆመ። ከትልቁ ኪስ በላይ የተሰፋችውን፣ ሁለት ጣት ብቻ የምታስገባውን ትንሿን ኪስ ነው ያሳየው። ይህች ኪስ ለምን እንደተሠራች አስባችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ተመልካቹን ጠየቀ። ከዚያ ከውስጧ አንዲት ቀጭን ሙዚቃ ማጫወቻ መዘዝ አደረገ። ቦታው ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ቀኑ ሴፕቴምበር 7፣ 2005። ዕቃዋ አይፖድ ናኖ ትባላለች፤ አይፖድ የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻዎች ስም ነው። (እዚህ ያለው ቀን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ያቺን ኪስ በልባችሁ ያዙልኝ። የዚህ ጉዳይ ነገር ዞሮ ዞሮ እሷው ጋ ነው የሚመጣው።

ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የገዙትን ሰዎች አስተያየት ያነባል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ሙዚቃ ማጫወቻ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል፤ የድምፁን፣ የባትሪውን፣ የቁልፎቹን ነገር ኖሮበት ካየው ሰው አፍ መስማት እፈልጋለሁ። የናኖን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። አስተያየቶች እርስ በርስ ሲጣሉ እንዴት መነበብ እንዳለባቸው ከእሷ የበለጠ ያስተማረኝ ዕቃ የለም። ያው አንድ ዕቃ ነች። አንዱ ባለቤት ከእጁ ሊለያት አልቻለም። ሌላው ከስሶ ፍርድ ቤት ሄደ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ዕቃዋ

ናኖ የመጣችው አይፖድ ሚኒን ተክታ ነው። ሚኒ በ2004 የወጣች፣ በጣም የተወደደች ማጫወቻ ነበረች። ውስጧ የሚሽከረከር ትንሽዬ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ ሰውነቷ ደግሞ ቀለም የተነከረ አሉሚኒየም። አፕል ገበያዋ ደርቶ ሳለ እሷን አቁሞ ናኖን አመጣ። ደፋር ውሳኔ ነው።

ናኖ ሃርድ ዲስክ የላትም። ዘፈኑ የሚቀመጠው ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ውስጧ የሚሽከረከር ነገር የለም። በዚህ የተነሳ ውፍረቷ 6.9 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ 42 ግራም ብቻ ሆነ። የእርሳስ ውፍረት ማለት ነው። ባለ 1.5 ኢንች ባለ ቀለም ስክሪን ነበራት። ባለ 2 ጊጋባይቷ 500 ያህል ዘፈን ትይዛለች፣ ዋጋዋ 199 ዶላር። ባለ 4 ጊጋባይቷ 1,000 ያህል ትይዛለች፣ ዋጋዋ 249 ዶላር። ባትሪዋ አንዴ ከሞላ እስከ 14 ሰዓት ያጫውታል ተብሏል። ነጭ አለች፣ ጥቁር አለች። ፊቷ ፖሊካርቦኔት የሚባል የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነው። ጀርባዋ እንደ መስታወት የተወለወለ የማይዝግ ብረት።

መዘዙን ሁሉ ያመጣው ይሄ ማብለጭለጭ ነው።

የወደዷት

በመጀመሪያዎቹ 17 ቀናት ብቻ 1 ሚሊዮን ናኖ ተሸጠ። እንዲህ ያለ ሽያጭ በማስታወቂያ ብቻ አይመጣም። ሰው ሰውን እየነገረው ነው።

ለምን እንደወደዷት ለመረዳት አይከብድም። ስፖርት የሚሠራ ሰው እየሮጠ ቢያዳምጣት የሚነቃነቅ ዲስክ የላትም። ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ስትገባ አትከብድም። ክብ መዳሰሻዋ ላይ አውራ ጣትን እያዞሩ ከመቶዎች ዘፈን መካከል የፈለጉትን በሰከንዶች ማግኘት ይቻላል። ሳያዩ፣ በጣት ብቻ ዘፈን መቀየር ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማጫወቻን በየቀኑ የሚጠቀም ሰው በእጁ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይዞ ያየ ሰው ግን አይገባውም።

ጥንካሬዋንም የመሰከሩላት አሉ። አርስ ቴክኒካ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ናኖን ሆን ብሎ የማሰቃየት ፈተና አድርጎባታል። ተቀመጡባት። ከሚሄድ መኪና ላይ ጣሏት። በመኪና ጎማ ሄዱባት። ስክሪኗ ተሰበረ፣ ዘፈኑ ግን ቀጠለ። ያንን ያነበበ ሰው ይህች ነገር ብረት ነች ቢል አይፈረድበትም።

ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ፈተናዎች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ስትመታ ምን ትሆናለች? ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር አንድ ወር ስትኖር ምን ትሆናለች የሚለውን አይጠይቁም። ያንን ሊመልስ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ያዘኑባት

ወሩ ሳያልቅ ቅሬታው መጣ። ሁለት ዓይነት ነበር። ችግሩ ሰዉ ሁለቱን ደባልቆ ማውራቱ ነበር።

አንደኛው የስክሪን መሰንጠቅ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ናኖዋ ሳትወድቅ፣ ሳትመታ ስክሪኗ ውስጥ ውስጡን ተሰነጠቀ አሉ።

ሁለተኛው ጭረት ነው። ይህኛው ነው ብዙ ያወዛገበው።

እስቲ ጠጋ ብለን እንያት። ጥቁር ናኖ ነች፣ ሦስት ሳምንት ኪስ ውስጥ የኖረች። መብራት ስር ያዟትና ዘንበል አድርጓት። ከሳጥኗ ስትወጣ ፊታችሁን ታይባት ነበር። አሁን ፊታችሁ ላይ የተልባ እግር ክር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ተደርበዋል። የሚበዙት ስክሪኑ ላይ ነው፤ በሸሚዝ ጫፍ ጠረግ ጠረግ የሚደረገው እሱ ነዋ። ስክሪኑ የሚታየው በዚያው ፕላስቲክ በኩል ስለሆነ የዘፈኑ ስም ፊደላት ደብዘዝ ይላሉ። የአልበሙን ሥዕል ከማየት ይልቅ ጭረቱን ታያላችሁ። ዕቃዋ አልተበላሸችም። ድምፁ ያው ነው፣ ባትሪው ያው ነው። የሰውየው ልብ ግን ተሰብሯል።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ፖሊካርቦኔት ሲመቱት በቀላሉ አይሰበርም፤ የሥራ መከላከያ መነጽር ከእሱ የሚሠራው ለዚህ ነው። ግን ለስላሳ ነው፣ ይጫራል። መነጽር ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ላዩ ላይ ሌላ ጠንካራ ሽፋን ይቀቡታል። ኪስ ውስጥ ደግሞ የሚጭረው ቁልፍና ሳንቲም ብቻ አይደለም። አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። የአሸዋው ኳርትዝ ከቢላ ብረት ይጠነክራል፣ ለፕላስቲክማ መች ይመለሳል? ባዶ ኪስ የምንለው ኪስ ለናኖ ባዶ አይደለም።

ቀለሙም የራሱ ድርሻ አለው። ጭረት ትንሽ ቦይ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ነጭ ላይ ከሆነ የተበተነው ብርሃን ከነጩ ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። ጥቁር ላይ ከሆነ ግን ነጭ ክር ሆኖ ፍጥጥ ይላል። ስለዚህ ነጭ የገዛው ሰው እኔ ምንም ጭረት አላየሁም ሲል፣ ጥቁር የገዛው ደግሞ ተጫጭራ አለቀች ሲል፣ አንዱም አልዋሸም። ያኔ እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ ሌላውን ዕቃ አያያዝ አታውቅም ሲለው ነበር። መጀመሪያ የማን ናኖ ምን ቀለም እንደሆነች ቢጠያየቁ ጭቅጭቁ ግማሹ ይቀር ነበር።

የአፕል መልስ

በሴፕቴምበር መጨረሻ አፕል መልስ ሰጠ። የተናገረው የገበያ ኃላፊው ፊል ሺለር ነው።

ስለ መሰንጠቁ ችግሩ እንዳለ አመነ። ከናኖዎቹ ከ0.1 በመቶ ያነሱትን ነው የነካው፣ መንስኤውም የአንድ ዕቃ አቅራቢ የጥራት ጉድለት ነው አለ። ስክሪኑ የተሰነጠቀበት ሰው ይቀየርለታል ተባለ። ጥሩ መልስ ነው። ቁጥር አለው፣ ምክንያት አለው፣ መፍትሔ አለው።

ቁጥሩን ግን ከሁለት ወገን እዩት። 1 ሚሊዮን ናኖ ተሽጦ 0.1 በመቶው 1,000 ናኖ ነው። ለፋብሪካ 1,000 ከሚሊዮን ምንም ማለት አይደለም። አስተያየት ለሚያነብ ሰው ግን አንድ መቶ የተናደደ ሰው በአንድ ቦታ ሲጽፍ ዓለም በሙሉ የተሰነጠቀ ናኖ የያዘ ይመስለዋል። ሁለቱም ከራሱ ቦታ ሲያይ ልክ ነው።

ስለ ጭረቱ የተሰጠው መልስ ግን አላረካኝም፤ ዛሬም አያረካኝም። ስለ ጭረት የደወለልን ሰው ጥቂት ነው፣ ችግሩ የተስፋፋ አይመስለንም ተባለ። ፕላስቲኩ ከናኖ በፊት የነበረው አራተኛው ትውልድ (አራተኛው ሞዴል) አይፖድ ላይ ያለው ያው ፖሊካርቦኔት ነው ተባለ። ጭረት የሚያሳስበው ሰው መያዣ ገዝቶ ይጠቀም የሚል ምክርም ተጨመረ።

አንድ በአንድ ላንሳው። የደወለው ጥቂት ነው ማለት የተጫረበት ጥቂት ነው ማለት አይደለም። ስክሪኑ የተሰነጠቀበት ሰው ይደውላል፤ ዕቃው አይሠራማ። የተጫረበት ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ዕቃዋ ትሠራለች። ምናልባት ጥፋቱ የራሴ ነው ይላል። ዋስትናው ጭረትን አይሸፍንም ብሎም ያስባል። እየከፋው ይጠቀምባታል፣ ቢበዛ ለጓደኛው ይነግረዋል። የስልክ ጥሪ መዝገብ የሚቆጥረው ብልሽትን ነው። ቅሬታ የሚኖረው አስተያየት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ነው የባለቤቶችን አስተያየት የሚተካ ነገር የለም የምለው።

ፕላስቲኩ ያው ነው የሚለውም ነገሩን አይዘጋውም። የቀድሞው አይፖድ በአብዛኛው ነጭ ነበር። ወፍራምና ከበድ ያለም ስለነበር ብዙ ሰው ቦርሳ ወይም ጃኬት ውስጥ ነው የሚይዘው። ፕላስቲኩ ያው ቢሆንም ኑሮው ሌላ ነው።

የመያዣው ምክር ደግሞ በጣም ነው የከነከነኝ። ሰውየው ይህችን ዕቃ የገዛው ቀጭን ስለሆነች ነው። መያዣ ውስጥ ስትገባ ቀጭንነቷ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ግን ኪሱን ያሳየው ማነው? በዚያች ትንሽ ኪስ ልትይዟት ትችላላችሁ ተብሎ ነው የተሸጠችው፣ ያውም በመድረክ፣ በራሱ በጆብስ አፍ። ገዢው የተባለውን ነው ያደረገው።

ፍርድ ቤት

ጉዳዩ ብዙ አልቆየም። በኦክቶበር 2005 በካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በገዢዎች ስም የጋራ ክስ ተመሠረተ። ክሱ ናኖን የሸፈናት ሪዚን የተባለ ፕላስቲክ ከቀደሙት አይፖዶች የሳሳ ነው፣ በተለመደ አያያዝ እንኳ ስክሪኗ እስከማይነበብ ድረስ ትጫራለች፣ ኩባንያው ጉድለቱን እያወቀ ነው ለገበያ ያቀረባት ይላል። የጋራ ክስ ማለት ጥቂት ሰዎች ከሰው ውጤቱ ተመሳሳይ ጉዳት ለደረሰባቸው ሁሉ የሚደርስበት መንገድ ነው። ለ199 ዶላር ዕቃ ማንም ለብቻው ጠበቃ አይቀጥርም፤ ተሰብስበው ሲሆን ግን ያዋጣል።

ክሱ ገና እየተንከባለለ ሳለ ሁለት ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ ናኖ ከሳጥኗ ውስጥ ከስስ መያዣ ጋር መምጣት ጀመረች። ለብቻህ ግዛ የተባለው ነገር አሁን በነጻ ተጨመረ። ቀጥሎ በሴፕቴምበር 2006 ሁለተኛዋ ትውልድ ናኖ ወጣች። ሰውነቷ ምን ነበር መሰላችሁ? አሉሚኒየም! እንደ ሚኒ። የአሉሚኒየሙ ገጽ በኬሚካልና በኤሌክትሪክ ይታከምና ጠንካራ ሽፋን ያበቅላል፤ በቀላሉ አይጫርም፣ ደብዘዝ ያለ ስለሆነም ቢጫር አይጎላም። ባትሪዋም እስከ 24 ሰዓት ደረሰ።

ለእኔ ትልቁ መልስ ይህ ነው። መግለጫው የተስፋፋ ችግር አይደለም ብሎ ነበር። በዓመቱ ግን የሚያብለጨልጨው ፕላስቲክ ከናኖ ላይ ጠፋ። የተበሳጩት ሰዎች ይህን ያህል መደመጣቸውን ሳይ ደስ ይለኛል።

ክሱ ያለቀው በስምምነት ነው። በ2009 መጀመሪያ የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ይፋ ሆነ። ናኖዋ ያለ መያዣ የተሸጠችለት ሰው እስከ 25 ዶላር፣ መያዣ አብሮ የደረሰው እስከ 15 ዶላር እንዲጠይቅ ተፈቀደ። አፕል ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ሦስት ዓመት ከምናምን ወር ተጠብቆ 25 ዶላር። አብዛኛው ሰው ያን ጊዜ ናኖውን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ሌላ ማጫወቻ ይዟል።

ማንም ያልጻፈው አስተያየት

ጉዳዩ እዚህ ቢያልቅ የጭረት ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። አላለቀም።

በኦገስት 2008 የጃፓን የኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የመጀመሪያዋ ናኖ ከመጠን በላይ እየጋለች አደጋ ማድረሷን አሳወቀ። አፕል መረመረና ችግሩን ወደ አንድ ባትሪ አቅራቢ አደረሰው። የተጎዱት ከመጀመሪያው ትውልድ ናኖዎች ከ0.001 በመቶ ያነሱ ናቸው አለ። ከ100,000 ናኖ አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ኖቬምበር 2011 ላይ ደግሞ ነገሩ ዓለም አቀፍ ሆነ። ከሴፕቴምበር 2005 እስከ ዲሴምበር 2006 የተሸጡ የመጀመሪያ ትውልድ ናኖዎች ባትሪያቸው ሊግል ይችላልና መጠቀም አቁሙ፣ መልሱ፣ እንቀይርላችኋለን ተባለ። የመጋሉ ዕድል ትንሽ ቢሆንም ባትሪው ባረጀ ቁጥር እንደሚጨምር ተገለጸ። ባለቤቱ ጀርባዋ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር አስገብቶ የእሱ ናኖ ከነዚያ መሆኗን ያጣራል። ምትኳ እስክትመጣ ስድስት ሳምንት ያህል ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በ2005 መቼም ሁሉም ስለ ጭረት ነበር የሚያወራው። ስለ ባትሪዋም ይወራ ነበር፤ ግን የሚወራው ስንት ሰዓት ታጫውታለች፣ ሲያልቅስ መቀየር ይቻላል ወይ ነው። እየጋለች ልታቃጥል ትችላለች ብሎ የጻፈ ባለቤት ሊኖር አይችልም ነበር፤ ባትሪዋ ገና ወጣት ነበራ! ከባዱ ጉድለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአንዳንዶቹ ጋር በዚያችው ኪስ ውስጥ ይዞር ነበር። ማንም አላየውም። ላይ ላዩን የነበረው ጭረት ግን በሳምንት ውስጥ ታየ፣ ተጮኸበት፣ ተከሰሰበት።

ስንት ሰው ተነካ ብሎ ለሚቆጥር፣ 0.1 በመቶ ከ0.001 በመቶ መቶ እጥፍ ይበልጣል። በዓለም ዙሪያ መጠቀም አቁሙ ያስባለው ግን ትንሹ ቁጥር ነው። የተሰነጠቀ ስክሪን ያናድዳል። የጋለ ባትሪ ግን ሰው ተኝቶ ሳለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የባለቤቶችን አስተያየት የማነብበት መንገድ ተቀይሯል። ኮከቡን ቆጥሬ አማካዩን ይዤ አልሄድም። መጀመሪያ የማየው ሰውየው ዕቃው ጋ ስንት ጊዜ እንደኖረ ነው። የሦስት ቀን ባለቤት ስለ ድምፅና ስለ አያያዝ ምቾት ይንገረኝ፣ እሰማዋለሁ። ስለ ዘላቂነት ግን ሲናገር አልፈዋለሁ። ሁለት ዓመት የያዛት ሰው ስለ ባትሪው አንድ መስመር ቢጽፍ ከሃያ የመጀመሪያ ቀን ደስታ ይበልጥብኛል። ቀጥሎ የት ነው የሚይዛት እላለሁ። ኪስ? ቦርሳ? ጠረጴዛ ላይ? ሁለት ሰዎች በአንድ ዕቃ ሲጣሉ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የኑሯቸውን ልዩነት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ። ቁጣውንም አልንቅም፤ የናኖ ባለቤቶች ባይቆጡ ፕላስቲኩ ባልጠፋ ነበር። ዝምታውን ግን ደህና ነው ብዬ አልወስደውም።

በ2011 መጨረሻ ናኖዋቸውን ከመለሱት ሰዎች ብዙዎቹ በምትኳ የደረሳቸው ስድስተኛዋ ትውልድ ናኖ ነበረች። ስድስት ዓመት ያስቆጠረችውን፣ ጭረት የሞላባትን ዕቃ ሳጥን ውስጥ ጨምረው ላኩ፤ ሙሉ በሙሉ ሌላ መልክ ያላት አዲስ ዕቃ መጣችላቸው። አራት ማዕዘን ነች። አውራ ጣት የሚሽከረከርባት ክብ መዳሰሻ የለችም፤ ስክሪኑን ራሱን በጣት መንካት ነው። ሰውነቷ አሉሚኒየም ነው። ክብደቷ 21 ግራም ያህል፣ የአሮጌዋ ግማሽ። ጀርባዋ ላይ ደግሞ መቆንጠጫ አላት። ሸሚዝ ጫፍ ላይ ወይም ቀበቶ ላይ ቆንጠጥ ትደረጋለች፤ ኪስ አትፈልግም።